ካፌ ውስጥ የግጥም ምሽት መታደም፦ ከማስታወቂያው እስከ ማይኩ

የግጥም ምሽት አንድ ጊዜ ሄዶ ዳግመኛ ያልተመለሰ ሰው ብዙ ነው። ሲጠየቅ በግጥሙ ያሳብባል። የሆነው ግን ይህ ነው፦ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ባዶ የቀረውን ወንበር ይይዛል፤ ባዶ የሚቀረው ወንበር ደግሞ ሁልጊዜ ከቡና ማሽኑ ጎን ያለው ነው። የስንኙን ግማሽ የወተቱ እንፋሎት ይወስድበታል፤ የቀረውን ግማሽ የጎረቤቱ ስልክ። በመጨረሻም «ግጥም አይገባኝም» እያለ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሰውዬው ግጥሙን አልሰማውም፤ ስላልሰማው ነገር ገባኝም አልገባኝም ለማለት አይችልም።

ከታች ያሉት ደረጃዎች ጆሮዎን ነጻ ለማድረግ የተዘጋጁ ናቸው። ራሳቸው ማንበብ የሚፈልጉ ሰዎች ወደ ደረጃ 7 ለመዝለል ይቸኩሉ ይሆናል፤ አይዝለሉ። በደንብ ያላዳመጠ ሰው ማይክ ሲይዝ ወዲያው ያስታውቃል።

ደረጃ 1፦ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ ያንብቡ

የዝግጅቱን ዓይነት ይለዩ። በአዲስ አበባ ራስ ሆቴል ለዓመታት ሲካሄድ እንደቆየው ጦቢያ ግጥም በጃዝ ያለ መድረክ አዳራሽ፣ የሙዚቃ ባንድ፣ ትኬትና አስቀድሞ የተያዘ መርሐ ግብር አለው፤ እዚያ የእርስዎ ድርሻ መቀመጥና ማዳመጥ ነው። የሰፈር ካፌ ምሽት ከዚህ ይለያል። ጥቂት ጠረጴዛዎች፣ አንድ ማይክ (እሱም ካለ)፣ ሁለት ሦስት የተጋበዙ ገጣሚዎች፣ ከዚያም ብዙውን ጊዜ ከታዳሚው መካከል ላለ ሰው የሚከፈት መድረክ ይኖራል። የዚህ መመሪያ ጉዳይ ይህኛው ነው።

ቀኑን ያረጋግጡ። ማስታወቂያው ላይ «10/2» ተብሎ ከተጻፈ ጥቅምት 10 ሊሆን ይችላል፤ ፌብሩዋሪ 10 ወይም ኦክቶበር 2 ሊሆንም ይችላል። ጥቅምት 10 ራሱ በአብዛኛው ኦክቶበር 20 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ግን ኦክቶበር 21 ነው። ከቁጥሩ ይልቅ የዕለቱን ስም ይያዙ፤ «ሐሙስ» የሚል ቃል አያሳስትም።

ሰዓቱን ይበልጥ ያረጋግጡ። «6፡00» የሚለው ብዙም አያስቸግርም፤ እኩለ ቀን ላይ «የግጥም ምሽት» የሚያዘጋጅ ስለሌለ ከምሽቱ 12 ሰዓት መሆኑን ይገምታሉ። ችግሩ ቅዳሜና እሑድ ነው። «11፡00» በእኛ አቆጣጠር አመሻሽ ላይ ነው፤ በፈረንጆቹ ከሆነ ግን ከጠዋቱ 5 ሰዓት። ብዙ ሰው የሚቀረው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ይደውሉ፤ የሚደውሉት ግን ለካፌው ሳይሆን ለአዘጋጁ ነው። አስተናጋጁ ስለ ዝግጅቱ የሚያውቀው ወንበሮቹ እንደሚገፉ ብቻ ሊሆን ይችላል። አራት ነገር ይጠይቁ፦

1. በየትኛው ዕለት፣ በእኛ አቆጣጠር ስንት ሰዓት ላይ ይጀመራል?
2. መግቢያ ይከፈላል ወይስ ያዘዘ ሰው ሁሉ ይቀመጣል?
3. ከታዳሚ የሚያነብ ሰው ይፈቀድለታል? የሚመዘገበውስ መቼ ነው?
4. በግምት ስንት ሰዓት ያልቃል?

አራተኛው ጥያቄ የማይረባ ይመስላል። ሚኒባስ ታክሲ ሲመሽ እንደሚሳሳ የሚያውቅ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

አዘጋጁ ስልክ ካላነሳ በዋዜማው ቀን ላይ ካፌው ጎራ ይበሉና ቡና ይጠጡ። ማይኩ የት እንደሚቆም ባይነግሩዎትም ማሽኑ የት እንዳለ ያያሉ።

ደረጃ 2፦ ከቤት ከመውጣትዎ በፊት

• እራት ወይም ጠንከር ያለ መክሰስ ይብሉ። የመጠቅለያ ወረቀት እያንኮሻኮሹ ሳንቡሳ የሚበሉበት ምሽት አይደለም።
• ዝርዝር ብር ይያዙ። ቴሌብር ቢኖርዎትም ይያዙ፤ ኔትወርክ የሚጠፋው ሂሳብ በሚከፈልበት ሰዓት ነው።
• ሹራብ ወይም ጋቢ ይጨምሩ። ብዙ ካፌ ሰው ሲበዛበት በረንዳውን ይጠቀማል፤ የአዲስ አበባ ምሽት ደግሞ በበጋም ይቀዘቅዛል።
• የመመለሻዎን ነገር አስቀድመው ይወስኑ። «ያኔ ይታሰባል» ያለ ሰው የመጨረሻዎቹን ሦስት ግጥሞች የሚያሳልፈው መስኮት መስኮቱን እያየ ነው።
• ይዘውት የሚሄዱት ሰው አንድ ወይም ሁለት ይሁን። ስድስት ሆነው የሄዱ እንደሆነ ምሽቱ የእናንተ ይሆናል፤ ሌላው ታዳሚ ደግሞ ይህን አይወድም።

ማስጠንቀቂያ፦ ከረጅም ጊዜ በኋላ የሚያገኙትን ጓደኛ ለዚህ ምሽት አይቅጠሩ። ናፍቆት ያለበት ሰው ዝም አይልም፤ ዝም በል ቢባልም ትክክል አይሆንም። እሱን ሌላ ቀን ያግኙት።

ደረጃ 3፦ ቀድመው ይድረሱና መቀመጫ ይምረጡ

ከተባለው ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይግቡ። ዝግጅቱ በሰዓቱ አይጀመር ይሆናል፤ መቀመጫው ግን በሰዓቱ ያልቃል።

የሚርቁት በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ከቡና ማሽኑና ከመፍጫው፤ ቀጥሎ ከመግቢያው በር፤ ከዚያ ወደ መጸዳጃ ቤት ከሚወስደው መተላለፊያ፤ በመጨረሻም ከድምፅ ማጉያው ፊት ለፊት። ድምፅ ማጉያ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ከሁሉ በላይ የሚሰማ ይመስለዋል፤ የሚሰማው ግን ጩኸት ነው። ጥሩው ቦታ ከአንባቢው ሦስት ወይም አራት ሜትር ርቀት ላይ፣ ትንሽ ወደ ጎን፣ ግድግዳ ከኋላዎ ያለበት ነው። የአንባቢው አፍ ይታይዎት። ሰው በጫጫታ ውስጥ ሲያዳምጥ ከንፈርንም እንደሚያነብ አይዘንጉ።

ጀበና ቡና ቤት ከሆነና መቀመጫው በርጩማ ከሆነ ከረከቦቱ ራቅ ይበሉ። ሲኒ ሲታጠብ የሚሰማው ድምፅ በአዘቦት ቀን ደስ ይላል፤ ግጥም ሲነበብ ግን አይደለም።

ዘግይተው ቢደርሱስ? በሩ ላይ ይቁሙ። ግጥሙ እስኪያልቅና ጭብጨባ እስኪጀመር ይጠብቁ፤ በጭብጨባው መካከል ገብተው ያገኙት ቦታ ላይ ይቀመጡ። ሰላምታ አያከፋፍሉ፤ ራስ ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል።

ደረጃ 4፦ ይዘዙ፣ ይክፈሉ፣ ይጨርሱ

ከመጀመሩ በፊት ይዘዙ፤ ሂሳቡንም ሲያመጡልዎት ወዲያው ይክፈሉ። ካፌው ቦታውን በነጻ የሰጠው ሰው ያዛል ብሎ ነው፤ ለሦስት ሰዓት አንድ ውኃ ይዞ መቀመጥ ነውር ነው። ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይዘዙ፤ አንዱን ከመጀመሩ በፊት፣ ሌላውን በዕረፍቱ።

ቅዝቃዜ የማያበላሸውን ይምረጡ። ማኪያቶ ሲቀዘቅዝ ይከፋል፤ ሻይ ግን ይታገሣል። ከዚህም በላይ እርስዎ ማኪያቶ ባዘዙ ቁጥር እንፋሎቱ በአንድ ገጣሚ ላይ ይጮኻል። (በጾም ሰሞን የሚደረጉ ምሽቶች ከሌሎቹ የተሻለ ይሰማሉ፤ ምክንያቱን ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።)

ደረጃ 5፦ ማዳመጥ

እዚህ ላይ እንቆይ።

ሀ. የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስንኞች ለምት ይተዉአቸው። ትርጉም አይፈልጉ። ወል ቤት በሚባለው ስልት አንድ ስንኝ አሥራ ሁለት ቀለም (በጆሮ የሚቆጠር የድምፅ ክፍል) ይይዛል፤ ከስድስተኛው በኋላ ትንሽ ያርፋል። ሰንጎ መገን በሚባለው ስልት ደግሞ አምስት አምስት ነው። ይህን መቁጠር አይጠበቅብዎትም፤ ጆሮዎ ዕረፍቱን ከያዘ ግን ስንኙ የት እንደሚያልቅ ቀድሞ ይነግርዎታል፤ ቤት የሚመታውን ቃል ዝግጁ ሆነው ይቀበላሉ። ዘመናዊ ገጣሚዎች ምቱን ሊሰብሩት ይችላሉ። ምቱን የያዘ ሰው ብቻ ነው መሰበሩን የሚያውቀው።

ለ. የገባዎትን ትርጉም ወዲያው አይመኑት። ሰምና ወርቅ ያለበት ግጥም የሚጫወተው በጆሮ ነው። ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል አይለይም፤ አንባቢው ግን አንዱን መምረጥ አለበት። «እናቴ አለች» የሚል ስንኝ ይነበብ እንበል። ለ ከጠበቀች እናት በሕይወት አለች፤ ከላላች ደግሞ እናት የተናገረችው ነገር ሊመጣ ነው። ጎበዝ አንባቢ እዚህ ላይ ሆን ብሎ ያመነታል። እርስዎም አብረው ያመንቱ።

ሐ. ያመለጠዎትን ስንኝ አይከተሉት። ጀማሪ አድማጭ በብዛት የሚወድቅበት ቦታ ይህ ነው። አንድ ቃል ያመልጠዋል፤ «ምን አለ?» እያለ ሲያስብ ቀጣዮቹ አራት ስንኞች ያልፉታል፤ ከዚያ ሙሉውን ግጥም ይተወዋል። ያመለጠው ይለፍ፤ የሚመጣውን ይያዙ። ጎረቤትዎንም «ምን አለ?» ብለው አይጠይቁ፤ ያኔ ሁለታችሁም ታጣላችሁ።

መ. ለማጨብጨብ አይቸኩሉ። የመጨረሻው ስንኝ ካለቀ በኋላ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይጠብቁ። ብዙ ግጥም ወርቁን የሚያወጣው በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው። መሃል ላይ «ይበል!» ወይም «ይደገም!» ማለት በአንዳንድ ቤት የተለመደ ነው፤ በሌላው ቤት ሰው ዞሮ ያያል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አንባቢዎች ዝም ብለው ያሳልፉና ቤቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ይወቁ። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው የምትኖሩ አንባቢዎች በእንግሊዝኛ መድረኮች ላይ ሰው በጭብጨባ ፈንታ ጣቱን ሲያስጮህ ታያላችሁ፤ አበሻ በተሰበሰበበት ምሽት ግን ጭብጨባ ነው።

ሠ. ግጥሙ መጥፎ ቢሆንስ? ይሆናል፤ በየምሽቱ አንድ ሁለት አይጠፋም። ስልክ አያውጡ፤ አይሳቁ፤ ከጎረቤትዎ ጋር በዓይን አይነጋገሩ። ትንሽ ክፍል ውስጥ አንባቢው ሁሉንም ያያል። ጊዜውን ለመጠቀም ከፈለጉ መጥፎ ያደረገው ምን እንደሆነ ለራስዎ ይለዩት፤ ርዝመቱ ነው? ስብከቱ ነው? ቤት ለመምታት ሲባል የተጠመዘዘ ቃል ነው? ይህ ትምህርት ደረጃ 7 ላይ ይጠቅማል።

ደረጃ 6፦ ስልክ፣ ቀረጻና ከዚያ በኋላ የሚሆነው

ስልክዎን ድምፅ አልባ ያድርጉና ኪስ ወይም ቦርሳ ውስጥ ያስገቡት። ጠረጴዛ ላይ ሆኖ የሚንቀጠቀጥ ስልክ ከሚጮኸው የባሰ ነው፤ ሲኒውንም ያስጮኸዋል። ፎቶ ካነሱ ያለ ፍላሽ፣ ያውም ግጥሙ ሲያልቅ።

ቪዲዮ መቅረጽ ሌላ ጉዳይ ነው። ካፌ ውስጥ የሚነበብ ግጥም ብዙውን ጊዜ ገና ያልታተመ ነው። ሥራውን ማባዛትና ለሕዝብ ማሰራጨት የባለቤቱ መብት መሆኑን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ደንግጓል። ከሕጉም በፊት ይሉኝታ አለ፤ ገጣሚው ያን ዕለት የሞከረውን ስንኝ ነገ ሊሰርዘው ይችላል። አስቀድመው ይጠይቁት። ከቀረጹ በኋላ መጠየቅ ማስገደድ ነው። ሳይጠይቁ ቲክቶክ ላይ ለቀውት ከሆነም አሁኑኑ ያውርዱትና ለባለቤቱ ይንገሩት።

ሲያበቃ ገጣሚውን ማናገር ከፈለጉ አጭር ያድርጉት። «ጥሩ ነበር» ማለት ምንም አይነግረውም፤ የያዙትን አንድ ስንኝ ወይም አንድ ቃል ይጥቀሱለት። በዕድሜ ለገፉት «ጋሼ»፣ «እትዬ» እና «እርስዎ» ይበሉ፤ መድረክ ላይ ሁሉም በስም ስለተጠሩ ብቻ «አንተ» አይባልም። መድብላቸው እየተሸጠ ከሆነ ይግዙ፤ «አንድ ስጦታ የለም?» የሚል ቀልድ አይቀልዱ፤ ብዙዎቹ የሚያሳትሙት ከኪሳቸው ነው። ሲያስፈርሙ ስምዎን ፊደሉን ለይተው ይንገሩ፤ ኃይሉና ሀይሉ አንድ አይደሉም የሚል ሰው ብዙ ነው። የራስዎን የግጥም ደብተር ግን በዚያ ምሽት አያስጨብጡ።

ደረጃ 7፦ ራስዎ ለማንበብ ከፈለጉ

መጀመሪያ አንድ ምሽት እንደ ታዳሚ ብቻ ይሂዱ። ከዚያ በኋላ፦

1. አንድ ግጥም ይምረጡ። አንድ። ከሁለት ደቂቃ የማይበልጥ ይሁን። «አንድ አጭር ደግሞ ልጨምር» ብሎ የተወደደ አንባቢ አላጋጠመኝም። የመረጡት ግጥም ጮክ ብሎ ሲነበብ የሚገባ መሆን አለበት፤ ገጽ ላይ ብቻ የሚያምረውን ለመጽሐፍ ያቆዩት።

2. በትልቅ ፊደል በወረቀት ያትሙት። ስልክ መሃል ላይ ይጠፋል፣ ይደወልበታል፣ ፊትዎን ከታች አብርቶ አስፈሪ ያደርግዎታል። አንድ ስንኝ በሁለት መስመር አይከፈል። ግጥሙ ከአንድ ገጽ ካለፈ ገጹ የሚያልቀው አንጓው (አብረው የሚሄዱት ስንኞች) በሚያልቅበት ቦታ ይሁን።

3. የሚጠብቁትን ፊደላት ምልክት ያድርጉባቸው። ፊደሉ አናት ላይ ሁለት ነጥብ ማድረግ የቆየ ዘዴ ነው። «ይመታል» የሚለው ቃል መቺውና ተመቺው የሚለዩት በመጥበቅና በመላላት ብቻ ነው፤ መድረክ ላይ ሆነው ለማሰብ ጊዜ አይኖርዎትም።

4. ቆመው፣ ድምፅዎን አውጥተው፣ ሰዓት ይዘው ይለማመዱ። በሆድ ማንበብ ልምምድ አይደለም። አንደበትዎ ሁልጊዜ የሚሰናከልበት ቃል ካለ ጥፋቱ የአንደበትዎ ላይሆን ይችላል፤ ቃሉን ይቀይሩት።

5. እንደደረሱ ለመድረክ መሪው ይመዝገቡ። ስምዎንና የግጥሙን ርዕስ በወረቀት ጽፈው ይስጡት፤ በቃል የተነገረ ስም ተሳስቶ ይጠራል። ከቻሉ ሦስተኛ ወይም አራተኛ እንዲያደርግዎት ይጠይቁ። የመጀመሪያው አንባቢ ቤቱን ያሞቃል፤ የመጨረሻው ደግሞ ታክሲ ለሚያስብ ሰው ያነባል።

6. ማይኩን ከአፍዎ አራት ጣት ያህል ያርቁና ትንሽ ወደ ጎን ያዘንብሉት። «ሀሎ፣ ሀሎ» አይበሉ፤ አይንፉበት፤ አይምቱት። የመጀመሪያውን ስንኝ ሲያነቡ መሥራት አለመሥራቱ ይታወቃል። ፉጨት ካሰማ ወደ ድምፅ ማጉያው አዙረውታል ማለት ነው፤ ይራቁ ወይም ዞር ይበሉ። ወረቀቱን ከአገጭዎ ዝቅ አድርገው ይያዙ፤ ፊትዎን አይሸፍኑ።

7. መግቢያ ንግግር አያድርጉ። ግጥሙ መቼ እንደተጻፈ፣ ምን እንደሚል፣ ጉንፋን እንደያዘዎት፣ ገና ጀማሪ እንደሆኑ መናገር ሰውን ከግጥሙ ያርቃል። ስምዎን፣ ርዕሱን፣ ቀጥሎ አንድ ትንፋሽ፣ ከዚያ ግጥሙን።

8. ሊያነቡ ከሚፈልጉት ፍጥነት ዝቅ ብለው ያንብቡ። ድንጋጤ ሰውን ያስቸኩለዋል፤ ስለዚህ የዘገዩ የመሰለዎት ፍጥነት ለአድማጭ ትክክለኛው ነው።

መድረክ ላይ ሳሉ የሚያጋጥሙ

ወረቀቱ ከተንቀጠቀጠ ክርንዎን ከጎንዎ ያስጠጉ ወይም የማይኩን ማቆሚያ በአንድ እጅ ይያዙ። ስንኝ ከዘለሉ ዝም ብለው ይቀጥሉ፤ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም። ቦታው ከጠፋብዎት ከአንጓው መጀመሪያ ይድገሙ፤ «ይቅርታ» አያስፈልግም፤ ሆን ብለው የደገሙት ይመስላል። እንባ ከመጣ ይቁሙ፣ ይተንፍሱ፣ ይቀጥሉ። ሰው ባልጠበቁት ቦታ ከሳቀም አብረው ይሳቁና ይቀጥሉ፤ ቤትዎ ሲደርሱ ግን ያን ስንኝ እንደገና ይዩት።

ደረጃ 8፦ ምሽቱ ራሱ ሲበላሽ

መብራት ከጠፋ፦ አይውጡ። ማይክ የሌለው የካፌ ምሽት ብዙውን ጊዜ ይሻላል፤ ማሽኑም አብሮ ዝም ይላል። እያነበቡ ሳለ ከሆነ ሁለት እርምጃ ወደ ሰው ይቅረቡና ድምፅዎን ከሆድዎ አውጥተው ይቀጥሉ። አጠገብ ያለ ሰው የስልክ መብራት ወረቀቱ ላይ ያብራልዎት፤ ዓይንዎ ላይ አይደለም። ጄኔሬተር ከተነሳ ግን ያቁሙ፤ እሱን የሚያሸንፍ ጉሮሮ የለም።

ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ከወረደ፦ የመድረክ መሪው ዕረፍት እንዲያውጅ ይጠቁሙት። የክረምት ዶፍ ውስጥ የተነበበ ግጥም የተነበበ አይባልም።

ሌላ ጠረጴዛ ካወራ፦ «እሽ» አይበሉ፤ ያስቆጣል። ሰዎቹ ለቡና ብቻ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዝግጅት መኖሩን የነገራቸው የለም ይሆናል። በጭብጨባው መካከል አስተናጋጁን ጠርተው እንዲነግራቸው ያድርጉ።

ግጥሙ ፖለቲካ ሆኖ ክርክር ከተነሳ፦ መልስ አይስጡ። ማረጋጋት የመድረክ መሪው ሥራ ነው፤ ቀጣዩን አንባቢ በመጥራት ይዘጋዋል። እርስዎ ቀጣዩ አንባቢ ከሆኑ የመልስ ምት የሚመስል ነገር ሳይናገሩ የመረጡትን ግጥም ያንብቡ።

ስድስት ሰው ብቻ ከመጣ፦ ወንበሮቹን ወደ አንድ ጠረጴዛ መሰብሰብ እንደሚቻል ለአዘጋጁ ይንገሩት። ማይኩ ይጥፋ፤ ማንበብ ያልፈለጉትም ያንብቡ። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚሻለው ምሽት ይህ ነው፤ አዘጋጁ ግን ያን ሰዓት ፊቱ ጠቁሮ ስለሚሆን አያምንዎትም።

መሃል ላይ መውጣት ካለብዎት፦ ሂሳብዎ ተከፍሎ፣ ዕቃዎ በእጅዎ ሆኖ፣ አንዱ አንባቢ ጨርሶ ሌላው እስኪጠራ ባለው ጊዜ ይነሱ። ወንበሩን አንስተው ያስገቡት፤ አይጎትቱት። በሩ ራሱ የሚዘጋ ከሆነ በእጅዎ ይዘው ቀስ አድርገው ይልቀቁት።